የገመዱ አዛዥ

በጦር ሰፈሩ ልብስ አጣቢዋን «የገመዱ አዛዥ» ይሏታል። ቀልድ ነው፤ ግን እሷስ መች ጠላችው? ልብሱን ስታሰጣ እጅጌ ከእጅጌ አስተካክላ እንደ ሰልፍ ታቆመዋለች፤ ከመስመር የወጣ ሸሚዝ ቁጣዋን ይቀምሳል። ሰፈሩ ከዋናው መንገድ ርቆ ረባዳ ሜዳ ላይ ስለሆነ፣ ገመዶቿ ጉብታው ላይ ካለችው መንደር ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ግማሹ ጦር በድብቅ ወጣ። ወታደር የሆነው አንድያ ልጇም አብሮ ሄደ። የጸጥታው ሻምበል የቀሩትን ሰብስቦ፣ «መሄዳቸው ከተሰማ ጠላት መንገድ ላይ ያደባባቸዋል። ጭሱም፣ ጥሩንባውም፣ መብራቱም እንደወትሮው ይሁን» አለ። ገመዱን ያስታወሰ የለም፤ አጣቢዋ ራሷም ጭምር።

በማግስቱ ሳሙና ልትገዛ መንደር ወጣች። ባለሱቁ እየጠቀለለላት፣ «እትዬ፣ ገመድዎ ምነው ሳሳብኝ? ልጆቹ ሄዱ እንዴ?» አላት።

ክው አለች። ሰውየው ወሬ ወዳድ ይሁን ጆሮ ጠቢ በምን ታውቃለች? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፈገግ ብላ፣ «የት ይሄዳሉ ብለህ! ወገቤን ይዞኝ እንጂ ክምሩ እየጠበቀኝ ነው። ነገ ብቅ በልና እይልኝ» አለችው።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

«ሻምበል፣ የሄዱትን ልጆች ቅያሪ ልብስ ስጠኝ።»

«ንጹሕ ነው እኮ፣ እማማ።»

«መች አጣሁት? እኔው ነኝ ያጠብኩት!»

የባለሱቁን ጥያቄ ስትነግረው ሻምበሉ ልብሱን ራሱ ተሸክሞ አመጣላት።

ከዚያ ወዲያ ንጹሑን ልብስ ደጋግማ ታጥብ ጀመር። ነክሮ ማስጣት ይበቃ ነበር፤ ግን ሳሙና መግዛት ብትቀንስ ያው ባለሱቅ ይጠይቃል፣ ማስመሰልም አታውቅበትም። እጇ እስኪሰነጣጠቅ ፈተገች። የልጇን ሸሚዝ ሁሌም ከሰልፉ ፊት ታሰጣዋለች፤ ስታሰጣውም «በደህና መልስልኝ» ትላለች።

ጦሩ አንድም ሰው ሳይጎድል ተመለሰ። መንገድ ላይ ያደባባቸው አልነበረም። ልጇ ቅያሪውን ቢያነሳ ቀለሙ ለቋል፣ ክርኑ ሳስቷል።

«እማዬ፣ ይሄ የኔ ነው? ሳልለብሰው አረጀ እኮ!»

«አንተ ስትሄድ እሱ ዘብ ቆሞልህ ነበር» አለችው በኩራት።

ሻምበሉ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ልጁ የእናቱን እጆች አየና እግሩን ገጥሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣት። የአሁኑ ቀልድ አልነበረም።

«በል እጅህን አውርድና ያደፈውን አውልቅልኝ» አለችው አዛዧ።