በጥሩወርቅ ቀንቼ ነበር

የቀዳም ስዑር ለት ጠዋት ነው... ቄጤማዬን ግንባሬ ላይ አስሬ ከቤተ ክርስቲያን ልወጣ ስል ጥሩወርቅ ከኋላዬ ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆነች ልንገራችሁ።

ባሌ ደሳለኝ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከብት ሊከትብ ከባሕር ዳር ወደ ቁንዝላ በጀልባ ሐይቁን ሲያቋርጥ ድንገት ማዕበል ተነሣና ጀልባዋ ተገለበጠች። አብሮት የነበረው ጀልባ ነጂው ሙሉጌታ ብቻ ነው። ሁለቱም አልተረፉም። የደሳለኝ አስከሬን በማግስቱ ተገኘና ቀበርነው። የሙሉጌታ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጥሩወርቅ የሙሉጌታ ሚስት ናት። ሐዘኑ ነው ያስተዋወቀን። አሁን ራቅ ብላ ሰባታሚት ወንድሟ ቤት ትኖራለች፤ የምታስቀድሰው ግን እኛ ሰፈር ነው።

እና እኔ በዚች ሴት እቀና ነበር... ቅናት ስላችሁ በመልኳ ወይ በልብሷ አይደለም። በእምነቷ ነው። እሷ ዓመቱ እንደሞላ ከሏን አወለቀች። ትሰግዳለች፣ ትዘምራለች፣ ልቅሶ ቤት ሄዳ ሌላ ሰው ታጽናናለች። ቅዳሴ ላይ «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ሲባል ፊቷ ይበራል። እኔ እስካሁን ጥቁር በጥቁር ነኝ። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ... እግዜር ፊት ቆሜ እንዳልዋሽ ብዬ።

ይባስ ብሎ የንስሐ አባታችን አንድ ቀን «ልጄ፣ እስቲ ጥሩወርቅን እያት። አንቺ መቃብሩን እንኳ ታውቂዋለሽ፤ እሷ እሱንም ሳታገኝ እንዴት እንደበረታች» አሉኝ።

«እሺ አባ» አልሁ። ቤቴ እስክገባ ግን ንድድ ብሎኛል። ባሌን አጣሁ፣ አሁን ደግሞ በሐዘን እንኳ የምበልጣት ሴት አልሆንሁም።

ዓርብ ስቅለት ከጎኔ ዋለች። እኔ ስግደቱን ትቼ ግድግዳ ተደግፌያለሁ፤ እሷ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። የጌታ መከራ በሚታሰብበት ቀን እኔ ሳይ የዋልሁት መስቀሉን ሳይሆን የጥሩወርቅን ጀርባ ነበር።

እንግዲህ በማግስቱ ነው ክንዴን የያዘችኝ። ከሐሙስ ጀምሮ እህል ውሃ ስላልቀመሰች ከንፈሯ ደርቋል።

«እትየ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጋሼ ደሳለኝ መቃብር ጋ ውሰጅኝ።»

«ለምን?» ... ድምፄ ደረቅ ነበር፣ አልዋሽም።

«እዚያ ትንሽ ላልቅስ ብዬ።»

«ለእኔ ባል?»

«ለራሴ ባል። እኔ እኮ ማልቀሻ የለኝም እትየ። ሐይቁ እንደሆነ ሰፊ ነው፤ በየት በኩል ዞሬ ላልቅስ?» አለችና አቀረቀረች። «ይቅር በይኝ... ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንቼብሻለሁ። እሑድ እሑድ ሄደሽ አረሙን ስትነቅዪ ከሩቅ አይሻለሁ። አንቺ አፈር አለሽ።»

ክው አልሁ።

«የምቀናስ እኔ ነኝ» አልኋት። «አንቺ እኮ አትጠራጠሪም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ስወጣ ስገባ እጠራጠራለሁ። በር ሲንኳኳ እሱ ይመስለኛል። ትናንት ‹አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ› የሚለው ሲነበብ መሬት የወደቅሁት በርትቼ አይደለም... እኔም የምለው እሱኑ ስለሆነ ነው። ጌታ ራሱ ካለው እኔም ብለው አይቆጣኝም ብዬ ነው።»

«ትንሣኤ ሲነሣ ግን ፊትሽ ሲበራ አያለሁ።»



«ሴቶቹ በማለዳ ሽቱ ይዘው ሄዱ አይደል? ሲደርሱ አስከሬኑ የለም። መግደላዊት ማርያም መጀመሪያ አልተደሰተችም እኮ። ቆማ አለቀሰች። ‹ወዴት እንዳኖሩት አላውቅም› ነው ያለችው። ያቺ ቃል የእኔ ናት እትየ። ጌታ ደግሞ መጀመሪያ በስሟ የጠራት እሷን ነው፣ አስከሬን ያጣችዋን። እዚያ ላይ ሲደረስ... እኔንም የሚረሳኝ አይመስለኝም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ መቃብሩ ወሰድኋት። ከአጥሩ ባሻገር ሐይቁ ይታያል፤ እሷ ግን ለሐይቁ ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከች። «ሙሌ... ሙሌዋ...» እያለች የባሌን አፈር አቅፋ አለቀሰች።

እውነቱን ልንገራችሁ... አሁንም ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጌ አላለቀስሁበትም። አረም ነው ስነቅል የኖርሁት። ከዚያ ግን እኔም ከጎኗ ወደቅሁ። ማን ለማን እንዳለቀሰ አላውቅም።

ሲወጣልን በነጠላዬ ጫፍ ፊቷን ጠረግሁላትና «ይነሣሉ ጥሩዬ?» አልኋት። እንደ ሕፃን ነው የጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ እትየ... ጌታ በእውነት ከተነሣ ግን፣ እነሱን ምን ይይዛቸዋል?» አለችኝ።

ከፋሲካ በኋላ ድንጋይ ቀራጭ ጠርቼ ከደሳለኝ ስም ሥር የሙሉጌታን ስም አስቀረጽሁ። አማቴ ሊሳለሙ መጥተው ሲያዩት ቅር አላቸው። «ልጄ፣ እዚህ ያልተቀበረ ሰው ስም ምን ይሠራል? ሰው ‹ይኸ የታለ› ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልመልስ ነው?»

«‹በዚህ የለም› ይበሉ እማማ» አልኋቸው፤ «መልአኩም ለሴቶቹ የመለሰላቸው ይኸንኑ ነው።»