አባቴ ዜና የሆነበት ጊዜ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተበትም፤ ማንም አልተሸለመበትም። ባለፈው ሳምንት ግን እዚህ ሰመራ ከገበያ በባጃጅ ስንመለስ፣ የአዋሽ ስካውቶች የቤተሰብ ግሩፕ ዜና ስልኬ ላይ ገባ። «የቅዳሜው ችግኝ ማጠጣት አልተሳካም። ውሃ የምታመጣው አህያ ጠፍታ ነበር። አሁን ተገኝታለች፤ ያያትም ያገኛትም ሁመድ ነው» ይላል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አብራኝ የነበረችው የዶርም ጓደኛዬ፣ አህያ መጥፋቷ ምን ያስቃል ብላ ጠየቀችኝ። ማስረዳት ስጀምር በራችን ደረስንና ሳልጨርስ ቀረሁ። እስቲ እዚህ ልጨርሰው።

ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አባቴ አዋሽ ሰባት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከወሎ ደጋ ለሥራ የመጣው እኔ ሳልወለድ ቢሆንም ሙቀቱን እስከ ዛሬ አልለመደውም፤ ከከተማው ወጣ ያለ ነገር ሁሉ ያሰጋዋል። የማውቃቸው መንገዶች ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ቤት የሚወስዱት ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ሌላ የተፈቀደልኝ መውጫ ስካውት ነበር። ነሐሴ ላይ ሰመራ ለሚደረገው የስካውቶች ካምፕ እንድሄድ ለሳምንታት ከለመንኩት በኋላ እሺ አለ፤ ግን በአንድ ቃል አሰረኝ።

«በየቀኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ የት እንደደረሳችሁ ግሩፑ ላይ ላንብብ። አንድ ቀን ከጎደለ ነገሩ እዚያው አበቃ።»

በጠዋት በቅጥቅጥ ተነሣን። እናቶች በፌስታል የቋጠሩልንን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ከጅቡቲ የሚመጡትን ተሳቢዎች እየቆጠርን ገዋኔን አለፍን። በመስኮት የሚገባው ነፋስ የምድጃ አፍ ይመስል ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናቡ የዘነበው በስተምዕራብ፣ ከማናያቸው ተራሮች ላይ ኖሯል። ሚሌ ሳንደርስ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ከፊታችን የነበረው ደረቅ አሸዋማ ወንዝ ቡናማ ውሃ ሞልቶ፣ ግንድና ቁጥቋጦ እየጎተተ ይወርዳል። መኪናውን አዙሮ ሲመለስ፣ ጥቂት ቀደም ብለን የተሻገርነው ዝቅ ያለ ቦታም ሞልቷል። በሁለት ውሃ መካከል ቀረን።

ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ቆርቆሮው ያቃጥላል። ውጭም ከመኪናው ጥላ በቀር ጥላ የለም። ጥላውም ለሁላችን ስለማይበቃ በየተራ እንቀመጥ ነበር። ትንሹ ያሬድ አስመለሰውና ከጎማው ሥር አስተኛነው። ስልኩ ሁሉ ኔትወርክ የለውም። እኔ ፀሐይዋን ብቻ እያየሁ ነበር። ዝቅ ባለች ቁጥር አዋሽ ያለው ቤታችን በር በላዬ ሲዘጋ ይታየኝ ነበር።

የቡድናችን መሪ ጋሽ ተስፋዬ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ወሬ ከአፋቸው እንዲወጣ ግን አይፈልጉም። ለቤተሰብ የሚላከውን ዜና እየጻፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን። «ጉዟችን በደስታና በዝማሬ ቀጥሏል።»

«ዝማሬው የት አለ ጋሼ?» አለ ሁመድ። ሁመድ የአፋር ልጅ ነው፤ ከእኔ አንድ ክፍል ይበልጣል፤ ምላሱም አያርፍም። ልጆቹ ከዚያ ሁሉ ሙቀት ጋር ሳቁ። ጋሽ ተስፋዬ ወላጅን ማስጨነቅ ምን ትርፍ አለው ብለው ላክ የሚለውን ተጫኑት። መልእክቱ ግን አልሄደም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ፍየሎቻቸውን የሚነዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ መጡ። እሳቸውንም ውሃው ይዟቸዋል። ሁመድ እጃቸውን ስሞ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለና ዳጉ ጀመሩ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ አንድ በአንድ የሚነጋገሩበት ልማድ ነው። እየተጣደፉ አይደረግም። ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ፣ በአዋሽ በኩል፣ የዘመዳቸው ልጅ ስላለ ወሬያችንን ጮኸው እንደሚያቀብሉት ነገሩን። ጋሽ ተስፋዬ ደስ አላቸው፤ ሁመድን ግን የያሬድን ነገር ተወው አሉት።

«አይሆንም ጋሼ» አለ ሁመድ። «ልጁን ተኝቶ አይተውታል። ያዩትን ደብቀው ከተገኙ ከነገ ጀምሮ ማን ያምናቸዋል?»

ሽማግሌው ወደ ውሃው ጠርዝ ወርደው ጮኹ። ከማዶ ጥያቄ ይመጣል፤ እሳቸው ይመልሳሉ። መኪናው በሁለት ውሃ መካከል ነው፤ ሁሉም በሕይወት አሉ፤ አንድ ትንሽ ልጅ በሙቀት ታሟል፤ ውሃ ይጠጣል። የአባቴን ስምና የሰፈራችንንም ስም ሁመድ አስጨመረልኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከማዶ አንድ ሰው የቢሮ ኮቱን እንደለበሰ ቆሞ አየሁ። አባቴ ነበር። ወሬው በዳጉ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ አድሮ ወተት የምታመጣልን ፋጡማ ዘንድ ደርሷል፤ እሷም ጎህ ሳይቀድ በር አንኳኩታ ሁሉንም ነግራዋለች፤ እሱም በተሳቢ ተሳፍሮ መጣ። ውሃው ጎደል እስኪል በዚህና በዚያ ቆመን ተያየን። በመጨረሻ ሱሪውን ጠቅልሎ ተሻገረ። «ማርታ፣ ዕቃሽን ያዢ» አለኝ። ሌሎቹ ወደ ሰመራ ቀጠሉ፤ እኔ ወደ ኋላ።

ገዋኔ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ተስፋዬ ሚሌ ደርሰው ኔትወርክ ሲያገኙ የትናንቱ መልእክት ራሱን ልኮ ኖሯል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ቀስ ብሎ አነበበው።

«በዝማሬ» አለ። «አንቺ ዘምረሻል?»

«አልዘመርኩም።»

«እነዚህ ሰዎች ልጄ በጎርፍ ብትወሰድ እንኳን በዝማሬ ተወሰደች ብለው ነው የሚጽፉልኝ።»

ስካውትነቴ በዚህ አበቃ። መስከረም ጠባ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የስካውቶቹ ፊሽካ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ እስከ ጓሯችን ይሰማ ነበር። ልብስ እያጠብኩ የትኛው ፊሽካ ለየትኛው ሰልፍ እንደሆነ ለራሴ እናገራለሁ። መከራከር አልችልበትም ነበር፤ ዝም ብዬ ጎበዝ ልጅ ሆንኩ። ጎበዝ በሆንኩ ቁጥር አባቴ መከልከሉ የበጀኝ መሰለው።

ጋሽ ተስፋዬም በነገሩ አፍረው የዜናውን ሥራ ለሁመድ ሰጡት። ሁመድ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ዜና ብቻ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ነሐሴ ላይ በዝማሬ ቀጥሏል የተባለው ልክ አይደለም። ዝማሬ አልነበረም። ያሬድ ታሞ ነበር፤ አሁን ድኗል። ዛሬ ማርታ አልመጣችም። አባቷ ከልክለዋታል፤ ይህን ከራሷ ሰምተናል።»

በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው፤ ማርታ አልመጣችም፤ አባቷ ከልክለዋታል። በየሳምንቱ እንዲሁ። አባቴ ከግሩፑ አልወጣም ነበር፤ ማታ ማታ ያነባል፤ ይጠቁራል። ቢሮ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላም ሰዎች የማርታ ነገር እንዴት ሆነ ይሉት ጀመር። ፋጡማ ደግሞ ወተቱን እየቀዳች በየጠዋቱ ትጠይቀዋለች።

በመጨረሻ ሁመድን ከመንገድ ጠርቶ በራችን ላይ አቆመው። እኔ ከውስጥ እሰማለሁ።

«ከዜናህ አውጣኝ» አለው።

«ያልሆነ ነገር ጽፌ ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ፣ ጋሼ።»

 አባቴ ሐሰት ነው ሊል አይችልም፤ ዕድሜውን ሙሉ በመዝገብ የኖረ ሰው ነው። «ሆኗል» አለ። «ከልክያታለሁ።»

«እንግዲያው ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ሁመድ። ሲቀልድ አልነበረም።

አባቴ በሩን ዘግቶ ገባ። ከቀናት በኋላ፣ ዓርብ ከእራት ስንነሣ፣ ነገ ስብሰባችሁ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ሰዓት አልኩት። «ሂጂ» አለ። «ያ ልጅ የሚጽፈውን ማታ አነባለሁ።»

አሁን ወደ ሰመራ ስመላለስ በዚያ ወንዝ አልፋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ደረቅ አሸዋና የፍየል ዱካ ብቻ ነው። አባቴን ያኔ በልቤ ጨካኝ ብዬው ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልለውም፤ ከሩቅ ሆኖ ልጁን የሚጠብቅ ሰው የሚይዘው የተነገረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲደውልልኝ ሲያመኝ አሞኛል፣ ፈተና ሲከብደኝ ከብዶኛል እለዋለሁ። ይገርማል፣ ተረጋግቶ ነው የሚዘጋው። የቤተሰብ ዜና የምትጽፉ መሪዎችም ይህን ብታስቡበት ደስ ይለኛል። ለእኔ ያ ሁሉ ያበቃው ሁመድ «ማርታ መጥታለች፤ አባቷ ፈቅደዋል» ብሎ በጻፈበት ቅዳሜ ነው፤ በጽዮን ማግስት፣ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን።