ቡቺ ትምህርት ቤት የገባ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ኦቴሎ ስመለስ አንድ ሰውዬ ቀይ ሰደርያ ያለበሰውን ውሻ ይዞ ባቡሩ ውስጥ ገባና አጠገቤ ቆመ። ሲያካፋ ስለዋለ ውሻው እስከ ጆሮው በስብሷል፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በስካርፏ ሸፈነች፣ እኔ ግን በመስኮት ውጭ ውጭውን የማይ መስዬ ያንን የእርጥብ ጸጉር ሽታ ደጋግሜ ሳብኩት። ልጅ እያለን የቤታችን ኮሪደር ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው። እናቴ በበረኪና ስንት ዓመት ታግላዋለች፣ አላሸነፈችውም።

ያኔ ባቡሩ ወደ ሰፈሩ ገና አልመጣም ነበር። ሬኒየር ቫሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ጓሮዋ ከቤቷ የሚበልጥ አንዲት ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ቡቺን ያመጣው አባቴ ነው፤ ኤርፖርት አብሮት የሚሠራ አንድ የቡሪየን ሰው ወደ ሌላ ስቴት ሲዛወር ቡችላውን የት እንደሚጥለው ጨንቆት አባቴ «እኔ እወስደዋለሁ» ብሎ ይዞት መጣ። እናቴ ጸሎት በሚደረስበት ቤት ውሻ አይገባም ብላ ቦታው ጋራዥ እንዲሆን ወሰነች፣ ነገሩም በዚያ ያለቀ መስሏት ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ናሆም የሚጥል በሽታ ነበረበት። አሁን እንዲህ በቀላሉ ስጽፈው ይገርመኛል፤ እኛ ቤት ስሙ ተጠርቶ አያውቅም፣ «ያ ነገር» ነበር የሚባለው። መድኃኒቱ ቢያስታግሰውም አላቆመለትም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጓሮ ስንጫወት ቡቺ ያለወትሮው አጠር አጠር አድርጎ እየጮኸ የናሆምን ሸሚዝ ይጎትት ጀመር፣ ትንሽ ቆይቶ ናሆም ወደቀ። አጋጣሚ ነው ብለን አለፍነው። ሲደጋገም ግን አባቴ ውሻ የምታሠለጥን ሴት ፈልጎ አገኘና ክረምቱን ሙሉ እየወሰደ አስተማረው፤ ሊጥለው ሲል በዚያው አጭር ጩኸት ሰው እንዲጠራ፣ ሲጥለውም ጎኑ ተኝቶ እንዲጠብቀው። እናቴም ቡቺን መጀመሪያ በር ላይ ወዳለው ምንጣፍ፣ ቀጥሎ ኮሪደር፣ በመጨረሻ ናሆም አልጋ ሥር አስገባችው። አገሩን ቀስ በቀስ ለጠላት እንደሚያስረክብ ንጉሥ፣ በየጊዜው እየተቆጣች ነው የለቀቀችለት።

ችግሩ ትምህርት ቤቱ ነበር። ውሻ አይገባም አሉ። ናሆም ክፍል ውስጥ ሲወድቅ ቀድሞ የሚያውቅለት ስለሌለ አንዴ ግንባሩን ተሰንጥቆ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ እናቴ ሥራዋን ትታ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ከጠዋት እስከ መውጫ ሰዓት እዚያው ትቀመጥ ጀመር። በዝናብም በበረዶም ጋቢዋን ለብሳ፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ግን ይህች ሴት በዚህ ዓይነት መቼም እንደማትከርም ይገባኝ ነበር።

አባቴ ሳይታክት ሲወተውት ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ሴትዮ ኮል አደረገች። ሰርተፍኬት ምናምን አያስፈልግም፣ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው አለች፤ ልጁ ውሻው የሚያስፈልገው በሕመም ምክንያት ነው ወይ፣ ውሻውስ የተማረው ሥራ ምንድን ነው። አስተርጓሚ ይዤ ቤታችሁ መጥቼ ልጁንና ውሻውን አንድ ላይ አያቸዋለሁም አለች። አባቴ እሷ በምትመጣበት ቀን ፈረቃ ስለነበረበት እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍም ልብስ ስታጥፍም መልሷን ተለማመደች፣ እኔም ከእሷ እኩል በቃሌ ያዝኩት።

ቀኑ ደረሰ። ወለሉ በበረኪና ታጠበ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ናሆም ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎለት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እንግዶቹ የሚመጡለት ቡቺ ደግሞ ጋራዥ ተቆለፈበት። «እማዬ፣ እሱን እኮ ነው ሊያዩ የሚመጡት» ብላት፣ «እንግዳ መጀመሪያ አረፍ ይበል፣ በውሻ ነው እንዴ የምቀበለው?» አለችኝ። እንግዳ ሲመጣ ውሻ ይወጣል፤ እናቴ ከዚህ ሌላ አታውቅም።

ዋናው መዓት ግን በሩ ሲከፈት ገባ። አስተርጓሚው ጋሽ መኮንን ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ከተማው ውስጥ የማያውቁት አበሻ የሌለ አዛውንት። እናቴ ትከሻቸውን ስማ ቀና ስትል ፊቷን አየሁት፣ የሳምንቱ ጥናት በሙሉ ብን ብሎ ጠፍቷል። ለፈረንጇ ብትናገር ፈረንጇ እሑድ ቅዳሴ አትመጣም፤ ጋሽ መኮንን ግን ይመጣሉ። ያ በሽታ ያለበት ቤት ተብሎ ከተወራ ደግሞ የናሆም ብቻ አይደለም፣ የእኔም ትዳር አበቃለት። እንግዲህ አሥር ዓመቴ ነው።

ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ጠየቀች፣ ጋሽ መኮንን ተረጎሙ። «ልጄ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እናቴ። ሁለተኛው ተጠየቀ፣ ውሻው ሥራው ምንድን ነው? «ውሻ ምን ሥራ አለው? ይጮኻል» አለችና ሻይ ልትቀዳ ተነሣች። ጋሽ መኮንን የተባለውን እንዳለ በእንግሊዝኛ አስተላለፉ። ሴትዮዋ ግራ ተጋብታ እናቴን አየች፣ ናሆምን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳብ አደረገች። እኔ መልሱን በቃሌ አውቀው ነበር፤ ግን አዋቂ ሲናገር ልጅ አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት፣ እናቴንም በሰው ፊት ውሸታም ማድረግ አልቻልኩም። ያቺ መኪና፣ ያ ጋቢ፣ የሚመጡት ዓመታት በሙሉ ታዩኝ።

ይሄኔ ቡቺ ሳሎኑን ከጋራዡ ከሚለየው በር ሥር ጮኸ። አጠር አጠር ያለው፣ የተማረው ጩኸት ነው። ሴትዮዋ ውሻ ጮኸ ብላ ብቻ ነው የሰማችው፣ እናቴ ግን የሻዩን በራድ መሬት ላይ ለቀቀችው፤ ከእንግዶቹ መሐል ሰንጥቃ ናሆምን ከወንበሩ አንሥታ ምንጣፉ ላይ አስተኛችው፣ የሸሚዙን ቁልፍ አላቀቀችለት፣ ሮጣም የጋራዡን በር በገዛ እጇ ከፈተች። ቡቺ የፈሰሰውን ሻይ ረግጦ ገባና ጎኑ ሲተኛ ናሆም ገና ዓይኑ ክፍት ነበር። ወዲያው ያ ነገር መጣ።

እናቴ የልጇን ራስ በእጇ ደግፋ፣ ቀና ሳትል ተናገረች። «ልጄን ይጥለዋል። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ይጥለዋል። ይሄ ውሻ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፣ ይጠራኛል። እኔ ትምህርት ቤት ልገባ አልችልም፣ እሱ ይግባልኝ። ይንገሩልኝ ጋሼ።»

ጋሽ መኮንን አንድም ቃል ሳያስቀሩ ነገሯት። ናሆም ነቅቶ ቡቺን ሲያቅፍ ሴትዮዋ የምጠይቀውን ጨርሻለሁ አለች። ሲወጡ አዛውንቱ በር ላይ ዘግየት ብለው «አይዞሽ ልጄ፣ የሰማሁት እዚሁ ይቀራል» አሏት። እናቴ «ለፈለጉት ይንገሩ፤ መደበቁ ደክሞኛል» አለች። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም። የተናገረችው ራሷ ናት፣ ከዚያ በኋላም ልጆቻቸውን የሚጥላቸው ሁለት እናቶች ከቅዳሴ መልስ በስውር ሊያማክሯት መጡ።

ቡቺ ትምህርት ቤት የገባ ቀን እናቴ እንደ ልማዷ ፓርክ አድርጋ ሁለቱ በሩን ሲያልፉ አየች፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሥታ ሄደች። እኔ ከሰዓት ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ተዘርግታ አገኘኋትና የታመመች መስሎኝ ደነገጥኩ። ተኝታ ነው። እናቴን በቀን ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ስለነበር ምግብ እንኳ ሳላሞቅ፣ እንዳልቀሰቅሳት ኩሽና ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ሳዳምጥ ቆየሁ። እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ቡቺ አርጅቶ ሞተ። ናሆም አሁን ቡሪየን ለብቻው ይኖራል፣ አዲሱ መድኃኒት ተስማምቶታል፣ ከጣለው ቆየ፤ ተመስገን ነው። ከባቡሩ እንደወረድኩ ለእናቴ ደወልኩላት። ስለ ሰውዬው ውሻ ልነግራት ነበር፣ እሷ ግን ቀደመችኝ።

«ናሆም እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«የእውነቱን ንገሪኝ።»

የእውነቱንም ደህና ነው አልኳት። ቡቺ እያለ ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ብቅ ብላ ትመለከታለች፤ ውሻው ተኝቶ ከሆነ ልጇ ደህና ነው፣ እሷም ሄዳ ትተኛለች። አሁን የምትጠይቀው እኛን ነው፣ እኛ ደግሞ ሰዎች ነን፤ ሁልጊዜ ደህና ነው እንላለን።