ሦስተኛዋ ባቄላ

ትናንት አርብ ገበያ የአንዲት ሴት ጆንያ ስገልጥ የነቀዘ ባቄላ ሸተተኝና አፉን መልሼ ከደንኩት። ሴትዮዋ እህሏን የናቅሁባት መስሏት ተቆጣች። እኔ የቀፈፈኝ ግን የራሴ ሥራ ነው። ያ ሽታ የመምህር ፈንታሁን የኮት ኪስ ሽታ ነው።

መምህር ፈንታሁን ንፋስ መውጫ ከተማ ሒሳብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ከትምህርት በኋላ በአሮጌው የመጻሕፍት መጋዘን ቼዝ ያጫውቱን ነበር። ቆርቆሮው በንፋስ ይንኳኳል፤ ወለሉ አይጥ አይጥ ይሸታል፤ በጠፉት ወታደሮች ምትክ የለስላሳ ቆርኪ እንደረድር ነበር። በሰሌዳው ላይ ያው አሰላለፍ፣ የመጀመሪያውም ተቆጥሮ፣ በመጣ ቁጥር እሳቸው ከኪሳቸው አንድ ባቄላ አውጥተው ከጎኑ ያስቀምጣሉ። ሦስተኛዋ ባቄላ ከተቀመጠች ጨዋታው አቻ ነው፤ ግን ተጫዋቹ ራሱ አፍ አውጥቶ መጠየቅ አለበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለውን ተረት አጥብቀው ይጠሉት ነበር።

በወረዳዎች ውድድር የመጨረሻው ጨዋታ የደረሰው ለእኔ ነበር። አቻ እንኳ ብወጣ ቡድናችን ባሕር ዳር ይሄዳል። ተጋጣሚዬ የእስቴ ወረዳ ልጅ ነው፤ ማሸነፉን ስላወቀ ሊያበሽቀኝ ግንብ የሚባለውን ጠጠር ወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። እኔም ንጉሤን አመላልሳለሁ። መምህር ከተመልካች መሐል መዳፋቸው ላይ ባቄላ ሲጨምሩ በዓይኔ አየሁ። በሦስተኛዋ እጄን አውጥቼ አቻ ይባልልኝ አልኩ።

ዳኛው ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ጎረምሳ ነበር። እያንዳንዱን እርምጃ የጻፍንበትን ወረቀት ዞር ብሎም አላየው። ሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ ላፕቶፑ ላይ ደርድሮ የቼዝ ፕሮግራሙን ጠየቀው። ፕሮግራሙም ምንም አልተደጋገመም፣ የእስቴው ልጅ እያሸነፈ ነው አለ። መምህር ተነሡ።

«ወንድሜ፣ አሁን ከደጅ የገባ እንግዳ ቅድም ማን ማንን እንደመታ በምን ያውቃል? ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምረህ ንገረው።»

ዳኛው ሳቀባቸው። ኮምፒውተር እንደ ሽማግሌ አይረሳም አለ። ኤዲያ! ያልነገሩትን ምኑን ይረሳዋል? ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መሸነፌን ካልፈረምኩ ከውድድር እንደምታገድ ነገረኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ ሁሉም እርምጃ ተጽፎበታል። ፈረምኩ። እትፍ! ዛሬም ሳስበው ምራቄ ይመረኛል።

መምህር ፊርማዬን ሲያዩ ባቄላዎቹን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ደጅ ስንወጣ ብቻ፣

«ዓይንሽ ያየውን እጅሽ ካደው» አሉኝ።

ወሩ ሳያልቅ፣ ላልረባ ቡድን ቦታ የለንም ተብሎ መጋዘኑ ተቆለፈ። መምህር ከዚያ ወዲያ ቼዝ አላስተማሩም። ኮታቸውን ግን አልቀየሩም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አጠገባቸው ከቆምኩ ባቄላው ኪሳቸው ውስጥ ሲነቅዝ ይሸተኝ ነበር።

ሲያርፉ በአርባቸው ባለቤታቸው ደብተራቸውን ሰጡኝ፤ ለእሷ ይሁን ብለው ነበር አሉኝ። ያ ጨዋታ ተገልብጦበታል፤ ሦስት ቦታ ላይ ትንሽ ባቄላ ተሥሏል። የውጤቱ ቦታ ባዶ ነው። አሳፍሮኝ ዘግቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ዓመታት አለፉ።

ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሬ ስልኬ ላይ አስገባሁት። ሦስተኛዋ ባቄላ ላይ ስደርስ ስልኩ ማንም ሳይጠይቀው ጨዋታውን ዘጋ፤ አቻ አለ። እኔ ተጠይቄ ያልመሰከርኩትን፣ ዕቃው ሳይጠየቅ መሰከረ።

ስክሪብቶ አንሥቼ በባዶው ቦታ «አቻ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ መፈረም ግን ቀፈፈኝ፤ ተውኩት።