በማጣበቂያ የዘጋሁት የእህቴ መብራት

ብሎኖቹ ሁሉ ወጡ፤ ክዳኑ ግን አልላቀቅም አለ።

ዛሬ ከሰዓት፣ ቁሓ ከተማ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው። እህቴ ሰናይት የነደፈችውን የሶላር መብራት ለጎረቤታችን ለአደይ ምሕረት እያሳየች ነበር። ባትሪው ሲደክም ባትሪው ብቻ፣ አምፖሉ ሲቃጠል አምፖሉ ብቻ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀየራል። አደይ ምሕረት ካመኑበት ለሴቶች ማኅበራቸው ሊያዝዙ ነበር።

መብራቱ ለሙከራ እኔ ጋ የቆየው ነው። ባትሪው ስለደከመ ለማሳየት የተመቸ መሰላት።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምን አድርገኸው ነው?» አለችኝ፣ ክዳኑን በጥፍሯ እየታገለች።

አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ዙሪያውን በማጣበቂያ ዘግቼው ነበር። የቴሌቪዥን ሪሞት በላስቲክ እንደተጠቀለለ የሚያረጅበት ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት።

ይህን መናገር ስችል «ያጣበቀው ሙቀቱ ይሆናል» አልኩ።

አደይ ምሕረት ሳቁ። «በሉ ተዉት ልጆቼ፤ ይሄም እንደ ገበያው መብራት ነው፣ ሲሞት ይጣላል።» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሰናይት ብሎኖቹን ለቃቅማ ኪሷ ከተተች።

ጥፋቱ የንድፏ መስሏት አሁን በጎን ባለው ክፍል ክዳኑን እንደገና እየሳለች ነው። የእርሳሷ ድምፅ ይሰማኛል።

የአደይ ምሕረት ልጅ እዚህ ገጼ ላይ ጓደኛዬ ናት። እባክሽ ለእናትሽ አንብቢላቸው፤ መብራቱ ይከፈታል፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ይህን እንደለጠፍኩ ወደ ሰናይት እገባለሁ። እስክመለስ እናንተም እንዳይበላሽ ብላችሁ ያበላሻችሁትን ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አታድርጉኝ።