ከምርቃቱ በኋላ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር ወይም ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እናቴ የተወለድኩበትን ቀን እንጂ ዓመቱን አልያዘችውም፤ ስለዚህ ከዚያ ተነስቼ ብቆጥርም አይገጥምልኝም። ወቅቱን ግን አውቀዋለሁ። በቦረና ቆላ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነበር።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው እሑድ ከናሆም ጋር የበላነው ምሳ ነው። ናሆም የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ተወልዶ፣ እዚሁ ተምሮ የውሃ መሐንዲስ ሆኗል። ከቅዳሴ በኋላ በመኪናው ይመልሰኛል፤ ጾም ካልሆነ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለች አንዲት የሶማሌ ምግብ ቤት ጎራ እንላለን። ሩዝ በፍየል ሥጋ ያመጡልንና ከጎኑ አንድ ሙሉ ሙዝ ያስቀምጡበታል። ናሆም መሥሪያ ቤቱ ወደ ምዕራብ ልኮት ገና መመለሱ ነበር። እዚያ ከጥንት ጀምሮ የኖሩ፣ ኔቲቭ የሚሏቸው የአገሬው ሰዎች አሉ፤ በራሳቸው መሬት ላይ በራሳቸው ሸንጎ ይተዳደራሉ። የናሆም መሥሪያ ቤት የውሃ መስመር ሊዘረጋላቸው ነው።

ስብሰባው እንዴት ነበር አልኩት። በጣም ጥሩ ነበር አለኝ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው በቋንቋቸው ጸለዩ፣ እነናሆምም አብረው ቆሙ፣ ቀጥሎ ፕላኑን በስክሪን አሳዩ፣ ምሳ በልተው ተለያዩ። ሰኞ ድሮዊንጉን፣ የመስመሩን ንድፍ ማለቱ ነው፣ ሰብሚት ያደርጋል።

«እነሱስ ምን አሉ?» አልኩት።

«ምንም አላሉም ጋሼ። ኖ ያለ ሰው የለም። እንዲያውም መርቀውናል እኮ።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ይህን ነገር እኔም በራሴ አፍ ብዬው አውቃለሁ። ለናሆም የነገርኩትን እዚህም እጽፈዋለሁ።

ያኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ከቡልጋ ወርጄ፣ ከአንድ የውሃ ሥራ ቡድን ጋር በቀያሽ ረዳትነት ተቀጥሬ ነበር። ረዳት ሲባል ሜትር የምጎትት፣ ዘንግ የማቆም፣ ችካል የምተክል ማለት ነው። የቡድኑ አለቃ ኢንጂነር ታደለ ይባላሉ። ሾፌራችን ከበደ ነው፤ እድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅ፣ ምላሱ ግን የሽማግሌ ነበር። ሥራችን የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም ትልቅ ኩሬ በዶዘር ለማስቆፈር ቦታ መለካት ነበር። ውሃ በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ሰዎቹ ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ከብት ሲያጠጡ አይቻለሁ። ስለዚህ ኩሬ ሊቆፈርልህ ነው ሲባል የሚከፋው ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ከእኛ መካከል አልነበረም።

መሬቱ ቀይ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ኩይሳ እዚህም እዚያም ቆሟል። ድንኳናችንን ግራር ሥር ተከልን። ጠዋት ጠዋት አንዲት ሴት በጮጮ ወተት ታመጣልን ነበር። ጮጮውን በጭስ ስለሚያጥኑት ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል፤ ሳልለምደው አፍንጫዬን ይዤ ጠጣሁት፣ ከለመድኩት በኋላ ግን ተራ ወተት ባዶ ሆነብኝ። ሴትየዋ አማርኛ ትችላለች፤ ከተማ ወርዳ ሆቴል ቤት ሠርታ ነበር። «ወተቷ መጣች» እንላለን፣ ተቀብለን እንከፍላለን፣ ትሄዳለች። ሁለት ወር እንደዚህ ሆነ።

ኢንጂነር ታደለ ቦታ መረጡ። በሁለት ጉብታ መካከል ያለ ዝቅ ያለ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ሸክላ፣ ውሃ የማያሰርግ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት የደረሰ። ሌላው አገር ሁሉ ተግጦ እዚያ ብቻ ሣር መኖሩን አይተናል። እኔ ለምለም ስለሆነ ነው አልኩ እንጂ ለምን እንዳልተጋጠ አልጠየቅሁም። ሽማግሌዎቹን ማነጋገር እንደሚገባ ኢንጂነሩ ያውቁ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን በቀጠሮው ቀን ወባ ጣላቸው። «አንተና ከበደ ሂዱ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ኑ» አሉኝ ከብርድ ልብስ ውስጥ። ከበደ ቋንቋውን እችላለሁ ይል ነበር፤ የሚችለው ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅና መንገድ መጠየቅ ነው።

ከትልቅ ዛፍ ሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች ተቀምጠዋል። ሰላምታው ራሱ ረጅም ነበር፤ ሰው ደህና፣ ከብት ደህና፣ መንገድ ደህና። ተቀመጥን። ከዚያ በጣም ያረጁት ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መመረቅ ጀመሩ። ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ቃሉን ሁሉ ባላውቅም ምርቃት መሆኑን ማን ያጣዋል? ሰላም፣ ዝናብ፣ ወተት ሲሉ ይሰማኛል፤ እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ለነገር ሲቀመጥ መጀመሪያ ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ ይማለዳል፤ በመጨረሻ ትልቁ ሰው ተነስቶ ይመርቃል። ከምርቃት በኋላ ነገር የለም። ሰው ጋቢውን እያስተካከለ ይነሳል። እኔም ተነሳሁ። ደስ ብሎኝ የሽማግሌውን ጉልበት ሳምኩ፣ ዙሪያውን እጅ ነሳሁ፣ ከበደ ቁልፉን አውጥቶ ቀደመኝ። ሰዎቹ ያዩን ነበር። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ እኔ ግን አክብሮት ነው አልኩ።

ለኢንጂነሩ «መርቀውናል፣ አልቋል» አልኳቸው። እየተንቀጠቀጡ ፈገግ አሉና ችካሉን ከነገ ጀምር አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሣሩ ውስጥ ችካል ስቸክል ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ችካሎቹ ድንኳናችን ደጅ ላይ ነበሩ። አልተሰበሩም፣ አልተቃጠሉም። ተነቅለው፣ አፈራቸው ተጠርጎ፣ በልጥ ታስረው በሥርዓት ተቀምጠዋል።

ከበደ «ዛሬ ችካል ነው፣ ነገ የመኪናው ጎማ ይሆናል» አለ። ኢንጂነሩ በዚያ ቀን ትኩሳቱ ለቋቸው ተነስተው ነበር፤ ባዩት ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ፈቅደው ሲያበቁ የመንግሥት ሥራ ማሰናከል ነው አሉ፤ ለከተማው ፖሊስ ደብዳቤ ሊጽፉ ወደ ድንኳናቸው ገቡ፣ ከበደን ነዳጅ ሙላ አሉት። በዚያ ዘመን ፖሊስ መጣ ማለት ምን እንደሆነ በእድሜ እኩያዬ የሆነ ያውቃል። ማን ነቀለ ብሎ አይጠይቅም፤ ሽማግሌ ሽማግሌውን ለቅሞ ይወስዳል።

ይህን ጊዜ ወተቷ መጣች። ችካሎቹን አየች፣ እኔን አየችኝ።

«ጉልበት ስመህ የሮጥከው አንተ ነህ?» አለችኝ።

አልሮጥኩም አልኳት። መርቀው ጨረሱ፣ ሄድን።

«ምርቃቱ እኮ መጀመሪያው ነው» አለች። «ሰው ሳይመራረቅ እንዴት ይነጋገራል? ገና አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር። ሽንታችሁን ልትሸኑ የሄዳችሁ መስሏቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቋችሁ።»

ከበደ ነዳጁን እየቀዳ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሣሩን ነገረችኝ። ያ ሜዳ ለጥጃና ለደከመ ላም የተጠበቀ ነው፤ ሌላው አገር ሲደርቅ የሚከፈተው እሱ ብቻ ነው። ኩሬ እዚያ ከተቆፈረ ከየአቅጣጫው ከብት በዝናቡ ጊዜ ይመጣና ሣሩን ይጨርሰዋል፤ በበጋ ውሃ እያለ ጥጃው በረሃብ ያልቃል። ይህን ሊነግሩን ነበር የተቀመጡት። ሌላ ቦታም ሊያሳዩን አስበው ነበር።

ከበደ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ዝም በል። ብትናገር መጀመሪያ የምትባረረው አንተ ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሜትር ስለጣለ ተባሯል። እናቴ የምትኖረው እኔ በምልክላት ነበር። በድንኳኑና በእኔ መካከል አሥር እርምጃ አይሞላም፤ እግሬ ግን አልነሳ አለኝ። የኢንጂነሩ እስኪርቢቶ ሲጽፍ ይሰማኛል ብል ውሸት ነው፤ ግን እንደሚጽፉ አውቃለሁ።

ሴትየዋ ጮጮዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ብቻህን ከፈራህ አብሬህ እገባለሁ» አለችኝና ቀደመችኝ። የድንኳኑን በር ገልጣ ያዘችልኝ።

«ኢንጂነር፣ ፈቅደው አይደለም» አልኩ። «አልጠየቅናቸውም። ሳይናገሩ ተነስተን መጣን።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እሷን አዩ። «አንቺ ማን ነሽ?» አሏት።

«ወተታችሁ ነኝ» አለች።

እስከዛሬ ትገርመኛለች። ከኋላዋ ስለ እሷ የምንለውን ሰምታው ኖሯል። ለወቀሳ ትበለው ለሌላ፣ ኢንጂነሩ አልገባቸውም፤ እኔ ግን አፈርኩ። ስለ ዛፉ፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ጥጃው የነገረችኝን ሁሉ ለእሳቸው ደገመችላቸው። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቀድደው አልጣሉትም፤ ሰው በአንዴ አይመለስም። ከበደን ግን ቀርቷል፣ አትሄድም አሉት።

በማግስቱ እሷን አስተርጓሚ አድርገን ሄድን። ሰላምታው እንደገና፣ ምርቃቱ እንደገና። ምርቃቱ ሲያልቅ ያ ሽማግሌ እኔን ዘወር ብለው አዩና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን አሉ አልኳት። «ዛሬስ ፊኛህ ደህና ነው ወይ ይሉሃል» አለችኝ። ኢንጂነሩ ይቅርታ ጠየቁ፤ በአጭሩ፣ ቀና ብለው። ከዚያ ካርታቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ሽማግሌው በእግር እንሂድ አሉ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ ተራመድን፣ ተቀመጥን። ያሳዩን ቦታ ድንጋያማ ነው፤ ኢንጂነሩ ውሃ አይዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ ሌላ አሉ፣ ኢንጂነሩ አፈሩን በእጃቸው አሽተው ይህ ይሻላል አሉ። በዚህ መካከል አንድ ሰው፣ ኩሬው ሲሞላ የማን ከብት ቀድሞ ይጠጣል፣ ሲጎድል ማን ይዘጋዋል፣ ብሎ ጠየቀ። እነሱ ዘንድ እያንዳንዱ ጉድጓድ ተራውን የሚያዝ ሰው አለው። ኢንጂነር ታደለ እስኪርቢቶአቸውን አወጡ። ስንት ኩሬ ሲያስቆፍሩ ይህን የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም ጠይቀው አያውቁም። በዚያ ቀን ከልኬቱ ቁጥር በታች የሰዎቹን ቃል ጻፉ።

በመጨረሻ የተስማሙት ከጉብታው ማዶ፣ አነስ ያለ፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሚቆፈር ኩሬ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለምን ዘገየህ የሚል ደብዳቤ ለኢንጂነሩ መጣ፤ ቡድኑም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ኩሬው ይቆፈር አይቆፈር አላየሁም። የማውቀው ሜዳው እንዳልተነካ ነው፤ ስንሄድ ሣሩ እንደቆመ ነበር። እኔን አላባረሩኝም። ከበደ ግን አንድ ሳምንት አኩርፎኝ ከረመ።

ናሆም ሩዙ ቀዝቅዞበት ሲሰማኝ ቆየ። ከዚያ «ግን እኮ ጋሼ፣ ሚቲንጉ ክሎዝ ሆኗል» አለኝ።

«ላንተ ነዋ» አልኩት።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ዕድሜዬን ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ሰኞ የምትልከውን አቆየው፣ ደውለህ ከጸሎቱ በኋላ ልትሉ የፈለጋችሁት ነበር ወይ በላቸው፣ ጠይቀሃቸው ዝም ካሉህም ተመልሰህ ሂድና ዝምታው ምን እንደሆነ ጠይቅ አልኩት። አለቃዬ ደስ አይለውም አለኝ። አይለውም አልኩት። ለአለቃው ሊደውል ስልኩን ይዞ ወደ ፓርኪንጉ ወጣ፤ በመስታወቱ እየተመላለሰ ሲያወራ አየዋለሁ። ሲመለስ፣ አንድ ሳምንት ሰጡኝ፣ ትኬት ቡክ አደርጋለሁ አለ።

ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር ብዙ ጊዜ ደፍሬ የገባሁ አስመስዬው ኖሬአለሁ። አልደፈርኩም። እግሬ ተተክሎ ቆሞ ነበር፤ በሩን ገልጦ የያዘልኝ ሰው ባይኖር ከበደ ደብዳቤውን ይዞ ይሄድ ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ ዛሬ ድረስ እኖር ነበር። ድንኳን በምንነቅልበት ቀን ስሟን ጠየቅኋት፤ ሁለት ወር ወተቷን ከጠጣሁ በኋላ። ዳርሚ ነው አለችኝ። ዳርሚ ጉዮ።