ገደል ሊያዩ የመጡትን እንግዳ ጤና ጣቢያ ያደረስን ለት

ምን አጥቼ ነው የምዋሸው? «እግራቸው የማይሄድ ሰውዬ ጓሳ ገደሉ አፋፍ ድረስ በፈረስ ወሰድኩ» ስል የምትስቁት እናንተ፣ ለመሆኑ ፈረስ ላይ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዳ በፈረስ ማዞር እንጀራዬ ነው። መንዝ ውስጥ እንደኔ የሚያዞር የለም። ትምህርቱንም አራተኛ ክፍል ላይ የተውኩት ፈረሱ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ነው።

ሰውዬው ከአዲስ አበባ የመጡ አስተማሪ ናቸው፤ የሚሄዱት በዊልቸር ነው። «ስለዚህ ገደል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ ዛሬ ሳላየው አልመለስም» አሉኝ። ከሰዓት ጉሙ ወጥቶ ሁሉንም ይውጠዋል፤ መፍጠን ነበረብን። ዊልቸሩ ግን ከመንገዱ ወርዶ ሁለት ክንድ ሳይሄድ ሳሩ ውስጥ ተቀረቀረ።

«ምን ችግር አለ ጋሼ፣ እኔ እያለሁ!» አልኩ። ፈረስ ላይ እንዳላወጣቸው ይወድቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስት ጓደኞቼን ጠርቼ፣ ሁለት አጣና ላይ ባና የምንለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ወጥረን፣ ቃሬዛ ሠርተን ተሸከምናቸው።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ቃሬዛ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባል። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አገኙን።

«እግዜር ይማርዎ! ምን አገኛቸው?»

«ምንም! ጎብኚ ናቸው!»

«ጎብኚ አይታመምም እንዴ? ዞር በል!»

ተራዬን ቀሙኝ። እኔም ከኋላ ሆኜ ቃሬዛውን እንዴት እንደፈለሰፍኩት ለአንድ ቄስ እያወራሁ ስሄድ፣ ሰዎቹ መንታ መንገዱ ላይ እጥፍ አሉ። ቃሬዛ የያዘ ሁሉ በዚያ የሚዞረው ወደ ጤና ጣቢያው ነዋ! ሰውዬው «ኧረ ወዴት ነው?» ይላሉ፤ ቄሱ «አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል» ይላሉ። እኔ የነቃሁት የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅብኝ ነው።

«አውርዱኝ» አሉ ሰውዬው ቀስ ብለው። አወረድናቸው።

«አላመመኝም። እግሬ ነው የማይሄደው። ገደል ለማየት መጥቼ ያየሁት ሰማይና የተሸካሚ አገጭ ነው። ፈረስህስ?»

«ጋሼ፣ ይወድቃሉ ብዬ...»

«ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኩም።

ሮጬ ፈረሴን አመጣሁ። የጤና ጣቢያው ጥበቃ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ሰጠን፤ ኮርቻው ላይ ጠፈርነውና ባናውን አለበስነው። ደረታቸውን ላስር ስል «ደረቴን ተው። ወገቤንና ጭኔን። ቋጠሮው በአንድ ጊዜ የሚፈታ ይሁን» አሉ። ሐሳቡ የኔ ነው፤ እሺ፣ አስተሳሰሩ የሳቸው።

መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ አሁን «እንደምን ዋሉ» ብሎ ያልፋል። ይማርዎ የሚል የለም። ሰውዬውም ባርኔጣቸውን ከፍ እያደረጉ ይመልሳሉ።

አፋፉ ጋ ስንደርስ ጉሙ ገና ከታች ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ቀና ብለው አዩንና ወደ ሳራቸው ተመለሱ። ሰውዬው አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጓሙን ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ ገደል ነው እኮ!»

«አየሁት።»

ለእንግዳ ልጓም ሰጥቼ አላውቅም። ሰጠሁ። አፋፉን ተከትለው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ጥለውኝ ሄዱ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አንዴ እንኳ ዞር ብለው አላዩኝም፤ ዓይናቸው ቆላው ላይ ነው። የተመለሱት ጉሙ የፈረሱን ሰኮና ሲነካ ነው፣ ያውም እየሳቁ።

አሁንም ውሸት ነው የምትሉ፣ ብርዱን ከቻላችሁት ውጡና ጠይቁ። ቄሱን ጠይቁ። ጥበቃውን ጠይቁ። የተሸከሙትን አንድ በአንድ ጠይቁ። ከመካከላቸው አንዱ «አላየሁም» ካለ ፈረሴን ነድታችሁ ሂዱ!